የታደሰ ሞተር ስለ ምን ይፈላል?

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የ1964 ሞዴሉ ፖንቲያክ ጂ.ቲ.ኦ. ለገበያ ከቀረበ ጀምሮ እስከ 1970ዎቹ መጀመሪያ ድረስ የአሜሪካ ፋብሪካዎች ትልቅ ሞተር በመካከለኛ አካል ላይ እየጫኑ «ማስል ካር» የተባለውን ጉልበተኛ የአውቶሞቢል ትውልድ አስነሡ፤ ከዚያም ትውልድ የሆነው የ1970 ሞዴሉ ፎርድ ሙስታንግ ማክ 1 ከተጫኑለት ሞተሮች አንዱ፣ ስሙን ከኦሃዮዋ ከተማ የወረሰው ባለ ስምንት ሲሊንደሩ 351 ክሊቭላንድ፣ ዛሬም ወዳጆቹ አውርደው፣ ፈትተው፣ አድሰው የሚነዱት ሞተር ነው። ይህን ሞተር በብዙ ድካምና ወጪ ያሳደሰ ሰው በመጀመሪያው ጉዞ የሙቀቱ መርፌ ወደ ላይ ሲወጣ ባየ ጊዜ የሚያድርበት ኀዘን ቀላል አይደለም፤ ኀዘኑም ያቻኩለውና ምክንያቱን ሳይመረምር የበለጠ ሰፊ ራዲያተር ይገዛል። ከግዢው አስቀድሞ ግን ሙቀቱ የሚመጣበትን ሰዓትና ሁኔታ በትዕግሥት መመርመር የተሻለ ነው እላለሁ።

በመሠረቱ ቤንዚን በሞተር ውስጥ ሲነድ ከሚሰጠው ኃይል ሲሦ ያህሉ ወደ ማቀዝቀዣው ውኃ ይገባል። ውኃውም የራዲያተሩ ክዳን በሚጠብቅለት 1 አትሞስፌር ያህል ተጨማሪ ግፊት ምክንያት እስከ 120 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሳይፈላ ሊቆይ ይችላል፤ የደከመ ክዳን ይህን ጸጋ ይነሣዋልና፣ በጥቂት ዶላር የሚለወጠውን ክዳን ሳይፈትሹ ቴስታታ ወደ መፍታት መሄድ ከሥርዓት ውጭ ነው። የመርፌውንም ምስክርነት ብቻውን ማመን አይገባም፤ ሃምሳ ዓመት ያለፈው መሣሪያ በሐሰት ሊመሰክር ስለሚችል፣ በቴርሞስታቱ አጠገብ በሌላ ቴርሞሜትር ለክቶ ማመሳከር ያስፈልጋል።

ምስክርነቱ እውነት ሆኖ ከተገኘ፣ መኪናው በከተማ ውስጥ ቆሞ በሚኒሞ ሲሠራ ብቻ የሚሞቅ፣ በአውራ ጎዳና ሲሮጥ ግን የሚበርድ ከሆነ፣ የጎደለው ነፋስ ነው፤ ወይም የቬንትሌተሩ ፍሪሲዮን ይንሸራተታል፣ ወይም ነፋሱን ሰብስቦ በራዲያተሩ በኩል የሚያሳልፈው ሽፋን በእድሳቱ ጊዜ ሳይመለስ ቀርቷል፣ አለዚያም ነፋሱ ሳይጎድል የካንዴላው ብልጭታ ዘግይቶ ስለሚመጣ እሳቱ እስከ ጭስ መውጫው ድረስ እየዘለቀ ቴስታታውን ያግለዋል። በሩጫ ላይ ብቻ የሚሞቅ ከሆነ ደግሞ የጎደለው የውኃ ፍሰት ነው፤ ራዲያተሩ በዝገት ተደፍኗል፣ አለዚያም የታችኛው የጎማ ቱቦ ፖምፓው በኃይል ሲስበው ይጨማደዳል፤ ይህንንም ኮፈኑን ከፍቶ ነዳጅ እየሰጡ በዓይን ማየት ይቻላል።

የክሊቭላንድ ሞተር ግን ከብዙዎቹ የፎርድ ሞተሮች የሚለይበት አንድ ምስጢር አለው። ቴርሞስታቱ የሚቀመጠው በራሱ በብሎኩ ውስጥ ነው፤ ከሥሩ ውኃውን በአቋራጭ ወደ ፖምፓው የሚመልስ መተላለፊያ አለ፤ በመተላለፊያውም አፍ ላይ መካከሏ የተበሳ አንዲት ክብ የናስ ሰሌዳ ተጣብቃ ትገኛለች። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ውኃው ራዲያተሩን ሳይነካ በዚህች ቀዳዳ እየተመላለሰ ይሞቃል፤ በሞቀ ጊዜ የዚህ ሞተር ቴርሞስታት ከላይ የራዲያተሩን መንገድ ሲከፍት፣ ባርኔጣ የሚመስለው የታችኛው ክፍሉ ወርዶ ቀዳዳዋን ይዘጋል። ብሎኩ በኬሚካል ሲታጠብ ሰሌዳዋ ወልቃ ከጠፋች፣ ወይም ልኩ የሚገጥም የሌላ የፎርድ ሞተር ቴርሞስታት ከገባ፣ አቋራጩ ሁልጊዜ ክፍት ይሆናል፤ ውኃ ቀላሉን መንገድ መምረጥ ጠባዩ ነውና ብዙው ሳይበርድ ወደ ሞተሩ ይመለሳል፤ የራዲያተሩም ስፋት እጥፍ ቢሆን አይረዳውም። ባለቤቱ ፖምፓ ለውጦ፣ ራዲያተር ለውጦ፣ ቬንትሌተር ለውጦ ሙቀቱ እንደ ነበረ ሲቆይበት፣ ይህችን ስፍራ በባትሪ ብርሃን ማየት ሊቀድም ይገባው ነበር።

ሁለተኛው የእድሳት ጉድለት በቴስታታው ጓርኒሲዮን ላይ ይገኛል። ፖምፓው የላከው ውኃ በብሎኩ ውስጥ ወደ ኋላ ሄዶ፣ በኋላ በኩል ወደ ቴስታታው ወጥቶ፣ ወደ ፊት እንዲመለስ የታሰበ ስለ ሆነ፣ ጓርኒሲዮኑ ፊቱን የሚያሳይ ምልክት አለው፤ ተገልብጦ ከታሰረ ውኃው ወዲያው በፊት በኩል ይወጣና የኋለኞቹ ሲሊንደሮች የሚያቀዝቅዛቸው ያጣሉ። ጓርኒሲዮኑ የተቃጠለ እንደ ሆነ ደግሞ የቃጠሎው ጋዝ ወደ ውኃው ይገባል፤ በራዲያተሩ አፍ ላይ በተያዘ ሰማያዊ ፈሳሽ ውስጥ ከውኃው በላይ ያለው አየር ሲሳብ ፈሳሹ ወደ ቢጫ ከተለወጠ ነገሩ ተረጋገጠ፤ ውኃ የሚገባበትም ሲሊንደር ካንዴላው ከሌሎቹ ተለይቶ ታጥቦ ነጥቶ ይወጣል።

የመጀመሪያው ማስነሣትም ጥንቃቄ ይሻል፤ አዲስ ካምሻፍት የተገጠመለት የዚያ ዘመን ሞተር ከተነሣበት ቅጽበት ጀምሮ ለ20 ደቂቃ ያህል በ2,000 ዙር አካባቢ መዞር ይኖርበታል፤ በሚኒሞ ከተተወ ካምሻፍቱ ሊበላ ይችላልና። መኪናው ቆሞ ሳለ ይህን ሁሉ እሳት የሚችለው፣ አስቀድሞ ፊቱ ከፍ ብሎ፣ የታሰረው አየር አረፋ እየሆነ ወጥቶ እስኪያልቅ ውኃው ቀስ እየተባለ ከተሞላና በራዲያተሩ ፊት ሌላ ትልቅ ቬንትሌተር ከቆመ ነው። አዲሶቹ የፒስተን ቀለበቶች ከሲሊንደሩ ጋር እስኪላመዱ ድረስ ጥቂት ዲግሪ ቢጨምር አያስደነግጥም፤ ራዲያተሩ መትፋት ሲጀምር ግን ሞተሩን ወዲያው አጥፍቶ፣ እስኪበርድ ጠብቆ፣ ከቴርሞስታቱ ጀምሮ መፍታት ይገባል።