የጀልባ መጸዳጃና የሲፎን ሕግ

እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 14 ቀን 1945 ዩ-1206 የተባለው የጀርመን ባሕር ሰርጓጅ መርከብ በስኮትላንድ ጠረፍ አቅራቢያ ጠልቆ ሳለ በመጸዳጃው በኩል የባሕር ውኃ ገባበት። ውኃው ከባትሪዎቹ ሲደርስ መርዛማው የክሎሪን ጋዝ ተፈጠረ፤ መርከቡም ወደ ላይ ለመውጣት ተገደደ። በመጨረሻም ሠራተኞቹ ጥለውት ወጡ፤ ጥቂቶቹም ሕይወታቸውን አጡ።

የመዝናኛ ጀልባ እንደ ሰርጓጅ መርከብ አይጠልቅም። ታዲያ ወደብ ላይ ታስሮ የቆመ ጀልባ በመጸዳጃው ምክንያት ሊሰጥም የሚችለው እንዴት ነው? በዚህ ጽሑፍ ምክንያቱንና መከላከያውን እንመለከታለን።

ከበርሜል ናፍጣ በጎማ የሚቀዳ ሰው በአፉ የሚስበው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ የጎማው ውጫዊ ጫፍ በበርሜሉ ውስጥ ካለው ናፍጣ ወለል ዝቅ እስካለ ድረስ ፈሳሹ በራሱ ይወርዳል። ይህ ሲፎን ይባላል። በብዙ ጀልባዎች የመጸዳጃው ሳህን ከባሕሩ ወለል በታች ይተከላል፤ ማጠቢያውም ውኃ በእጅ ፓምፕ ከባሕር ይሳባል። እንግዲህ ባሕሩ በርሜል፣ ሳህኑ ደግሞ ጀሪካን ሆነ ማለት ነው። ልዩነቱ ይህ በርሜል ከቶ አለመጉደሉ ነው። የፓምፑ ቫልቭ ካረጀ ወይም ክፍት ከተተወ ውኃው ያለማቋረጥ ይገባል።

መጠኑን እናስላ። ሳህኑ ከባሕሩ ወለል 30 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ያለ ነው እንበል። በቶሪቼሊ ሕግ መሠረት 2ን በ9.8 (በመሬት ስበት) እና በ0.3 ሜትር አባዝተን ስኩዌር ሩቱን ብንወስድ በሰከንድ 2.4 ሜትር ያህል ፍጥነት እናገኛለን። የጎማው ውስጣዊ ስፋት 19 ሚሊ ሜትር ከሆነ ይህ በደቂቃ 41 ሊትር ገደማ ነው። በሰበቃ ምክንያት ግማሹ ብቻ ቢገባ እንኳ በሰዓት ከአንድ ቶን ይበልጣል። የማስወገጃው ጎማ ብዙውን ጊዜ 38 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ቀዳዳው አራት እጥፍ ነው።

መፍትሔው ቀላል ነው። ጎማው ጀልባው ወደ ጎን ሲያጋድል እንኳ ከባሕሩ ወለል በላይ እንዲሆን በቅስት መልክ ከፍ ተደርጎ ይዘረጋል፤ በቅስቱም አናት ላይ አየር የሚያስገባ፣ ውኃ ግን የማያስወጣ ትንሽ ቫልቭ ይገጠማል። አየር ሲገባ የውኃው ዓምድ ይቆረጣል፤ ሲፎኑም ይቆማል። አየር ማስገቢያ የሌለው ቅስት ግን ራሱ ሲፎን ከመሆን አይድንም። በመግቢያው በኩል ቅስቱ የሚቀመጠው በፓምፑና በሳህኑ መካከል ነው፤ ከፓምፑ በፊት ቢሆን ፓምፑ በውኃ ፈንታ አየር ይስባል። ጨው ትንሹን ቫልቭ ስለሚደፍን በየጊዜው መጽዳት ይኖርበታል።

ከዚህም ሌላ ጎማዎቹ የጀልባውን አካል በሚያቋርጡበት ቦታ ሁሉ እጅ በቀላሉ የሚደርስበት የመዝጊያ ቫልቭ ሊኖር ይገባል። የጎማዎቹ ጫፎችም በማይዝግ ብረት ማሰሪያ በድርብ ይታሰራሉ። ጀልባውን ትቶ የሚሄድ ሰው እነዚህን ቫልቮች ሳይዘጋ ከሄደ፣ ጀልባውን ከባሕሩ የሚለየው አንድ ጎማ ብቻ መሆኑን ልንዘነጋ አይገባም።