ሁለት ሮናልዶ፣ ሦስት «ዘጠኝ ሚሊ»

የሪያል ማድሪድ ነጭ ማሊያ፣ ጀርባው ላይ «ሮናልዶ 9» የሚል ጽሑፍ። የማን ነው? «የብራዚሉ ነዋ!» ያለ ልክ ነው። «የፖርቱጋሉ ነው» ያለም አልተሳሳተም። ብራዚላዊው እ.ኤ.አ በ2007 መጀመሪያ ክለቡን እስኪለቅ 9 ቁጥር ነበር። ክርስቲያኖም 7 ቁጥርን ከራውል ከመረከቡ በፊት በ2009/10 የለበሰው ይህንኑ 9 ነው። ስም አንድ፣ ቁጥር አንድ፣ ክለብ አንድ፤ ሰውየው ግን ሁለት!

ይህ ክርክር የተነሳው ለዘመድ ሠርግ መንዝ ሄጄ፣ ዘመሮ ከተማ አንድ ሻይ ቤት ቁጭ ባልኩበት ነው። ጋቢያቸውን ተከናንበው ዝም ብለው ሲያዳምጡ የቆዩ አንድ አዛውንት ድንገት «እናንተስ የምትጣሉት በማሊያ ነው» አሉ። «የወንድሜ ልጅ ግን ዘጠኝ ነው ብለው የሰጡትን ጥይት ዘጠኝ ነው ብሎ አጎረሰ። ሽጉጡ ነከሰው። በሚስማር አወጣለሁ ሲል ፈነዳና ሁለት ጣቱን አጣ።»

«ዘጠኝ ከዘጠኝ ይለያል እንዴ አባባ?» አልኳቸው።

«አንተ አይደለህ እንዴ ሮናልዶ ከሮናልዶ ይለያል ያልከው?»

ውድ አንባቢያን፣ አዛውንቱ ልክ ናቸው። «9 ሚሊ» የሚባለው የሽጉጥ ጥይት አንድ አይደለም። በሰፊው የሚታወቁት ሦስት ናቸው። አንደኛው ሶቭየት ኅብረት እ.ኤ.አ በ1951 የተቀበለችው የማካሮቭ ሽጉጥ ጥይት ሲሆን የቀለሁ ርዝመት 18 ሚሊ ሜትር ነው። ሁለተኛው ጀርመን ሠራሹ ፓራቤለም 19፣ ሦስተኛው «9 አጭር» የሚባለው ደግሞ 17 ሚሊ ሜትር ናቸው።

ልዩነቱ የርዝመት ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። የማካሮቩ አረር ውፍረት 9.27 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን የፓራቤለሙ ግን 9.01 ነው። ታዲያ ሁለቱም እንዴት «9» ተባሉ? የአፈሙዝ ውስጡ ጉድባና ጉብታ አለው። ሩሲያውያን ስሙን ያወጡት ከጉብታ እስከ ጉብታ ለክተው ነው። ጉልበታቸውም አይገናኝም፤ የፓራቤለም የባሩድ ግፊት ከማካሮቩ አንድ ተኩል እጥፍ ያህላል። ፓራቤለም ለማካሮቭ ሽጉጥ ይረዝማል፤ ይነክሳል። «9 አጭር» ደግሞ ይቀጥናል፤ ቢተኮስም ዒላማውን ይስታል፣ ቀለሁም ሊሰነጠቅ ይችላል።

በስፖርቱም ዓለም ይህ ጣጣ አለ። በኦሊምፒክ የ25 ሜትር ፈጣን የሽጉጥ ተኩስ እስከ አቴንስ 2004 ድረስ ተኳሾች ይዘው የሚቀርቡት «22 ሾርት» ነበር። ከ2005 ጀምሮ ሕጉ «22 ሎንግ ራይፍል» እንዲሆን አዘዘ። የሁለቱም አረር 5.6 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ የኋለኛው ቀለህ ግን በ5 ሚሊ ሜትር ያህል ይበልጣል። ለዚህች ልዩነት ሲባል የኦሊምፒክ ተኳሾች ሽጉጥ እስከ መቀየር ደርሰዋል!

አሜሪካኖቹ ደግሞ ለዚህ ዓይነቱ ጣጣ ቀድመው መላ ዘይደዋል። «38 ስፔሻል» እና «357 ማግነም» ስማቸው ቢራራቅም አረራቸው እኩል ውፍረት አለው። በ1930ዎቹ ማግነምን ሲሠሩ ቀለሁን ሆን ብለው ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ አስረዘሙት። ለምን ቢሉ፣ ኃይለኛው ጥይት ደካማው ሽጉጥ ውስጥ እንዳይገባ! ስፔሻሉ ማግነም ሽጉጥ ውስጥ ይተኮሳል፤ ማግነሙ ግን ስፔሻል ውስጥ አይገባም።

በሀገራችን የጦር መሣሪያ መያዝ በ2012 ዓ.ም በወጣው አዋጅ ቁጥር 1177 መሠረት ፈቃድ ይጠይቃል። ፈቃድ ያለው ሰውም ቢሆን ካርቶኑ ላይ «9» የሚለውን ብቻ አይቶ መርካት የለበትም። ዋናው ከእሱ ቀጥሎ ያለው 17፣ 18 ወይም 19 የሚለው ቁጥር ነው። ጥይት ከነከሰ ደግሞ በሚስማር መነካካት የለም፤ አፈሙዙን ከሰው አዙሮ ለባለሙያ መስጠት ነው።

ሠርጉ ያለ አንዳች ተኩስ በእልልታና በጭብጨባ አለፈ። የሮናልዶው ክርክር ግን እስካሁን አልተቋጨም። በማሊያ መሳሳት ቢያስቅ እንጂ ጣት አያስቆርጥም። ቸር እንሰንብት!