የሆቴል ቅናሽ ሲቀርብልዎ ወደ ርካሹ ክፍል መዛወር ያዋጣል?

ዕቃ ለማምጣት ወደ ዱባይ የሚመላለስ ነጋዴ በጨርቅ ጥቅልና በመለዋወጫ ካርቶን ላይ በሳንቲም ሲከራከር ይውላል። ሆቴል ሲደርስ ግን "25 በመቶ ቅናሽ አለ" የሚለውን ሰምቶ ብቻ እጁን ሲሰጥ ይታያል። ቅናሹ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ብቻውን አይመጣም። "ከያዙት ክፍል ወደ ታችኛው ቢዛወሩ" ከሚል ቅድመ ሁኔታ ጋር ነው የሚመጣው። ታዲያ መዛወሩ ያዋጣል ወይስ አያዋጣም?

ጥያቄው ቀላል ቢመስልም ዛሬ የሚያስከፍለው ገንዘብ ቀላል አይደለም። የውጭ ምንዛሪ በገበያ ዋጋ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። የድርሃም ዋጋ ደግሞ ከዶላር ጋር የተቆራኘ ነው። አንድ ዶላር በ3.6725 ድርሃም ይመነዘራል፤ ይህም ተመን እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ አልተነቃነቀም። ስለዚህ በዱባይ በአልጋ ላይ የሚባክን 150 ዶላር ቀድሞ 8,500 ብር ገደማ ነበር። አሁን ከ15,000 ብር በላይ ነው።

ስሌቱን በምሳሌ እንየው

አንድ ነጋዴ በዴራ ሠፈር በሚገኝ ባለ ሦስት ኮከብ ሆቴል ለስድስት ሌሊት ዴሉክስ ክፍል ይዟል እንበል። ዋጋው በሌሊት 300 ድርሃም ነው፤ ቁርስ አለው፤ ከመግቢያው ቀን ሁለት ቀን አስቀድሞ ካሳወቀም ያለ ቅጣት መሰረዝ ይችላል። ጉዞው ሲቃረብ ሆቴሉ መልእክት ይልካል፦ "ወደ ስታንዳርድ ክፍል ቢዛወሩ በ225 ድርሃም፤ 25 በመቶ ቅናሽ።" ከሥር በትንንሽ ፊደል ሦስት ነገሮች ተጽፈዋል። ቁርስ የለውም፣ ክፍያው ተመላሽ አይሆንም፣ ክፍል የሚለቀቀው እኩለ ቀን ላይ ነው፤ ማቆየት አይቻልም።

ነጋዴው መጀመሪያ ሊጠይቅ የሚገባው "25 በመቶው ከምን ላይ ነው?" ብሎ ነው። የዚያው የስታንዳርድ ክፍል የዘወትር ዋጋ 260 ድርሃም ቢሆን፣ በክፍሉ ላይ የተደረገው እውነተኛ ቅናሽ 35 ድርሃም ብቻ ነው፤ በመቶኛ ሲሰላ 13.5 ገደማ ይሆናል። ቀሪው 40 ድርሃም ቅናሽ አይደለም። የተሻለ ክፍል በአነስተኛ ክፍል በመለወጡ የመጣ ልዩነት ነው። ይህ 40 ድርሃም ያለ ማስታወቂያም፣ ያለ ቅናሽም፣ ታችኛውን ክፍል በጠየቀ ጊዜ ሁሉ ያገኘው የነበረ ነው።

አንደኛ ደረጃ ቡና ይዞ የነበረ ሰው ሦስተኛ ደረጃውን ሲገዛ "ዋጋ ተቀነሰልኝ" አይልም። የአልጋም ነገር ከዚህ አይለይም። ቅናሽ ማለት ያው ዕቃ በአነስተኛ ዋጋ ሲገኝ ነው። ዕቃው ተለውጦ ዋጋው ቢያንስ ሌላ ግብይት ነው፤ መመዘንም ያለበት እንደ ሌላ ግብይት ነው።

ሆቴሉ ስለምን ይቀንሳል?

አልጋ እንደ ቲማቲም ነው። ዛሬ ሌሊት ያልተሸጠ አልጋ ነገ ተደርቦ አይሸጥም። በዚህ ምክንያት ሆቴሎች የቀሩትን ክፍሎች እያዩ ዋጋ ይጥላሉ፣ ያነሳሉ። አሠራሩ የመጣው ከአየር መንገዶች ነው። አሜሪካን አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ1985 ፒፕል ኤክስፕረስ የተባለውን ርካሽ ተወዳዳሪ ለመቋቋም ቅናሽ ቲኬት ሲያወጣ፣ ቀደም ብሎ መግዛትን ቅድመ ሁኔታ አደረገ። ማሪዮትን የመሳሰሉ የሆቴል ኩባንያዎችም ዘዴውን ተከትለው ወሰዱት።

የዘዴው ፍሬ ነገር በቅናሹ ዙሪያ አጥር ማጠር ነው። ቀኑ የማይለወጥበት መንገደኛ አጥሩን ዘሎ በርካሽ ይገባል፤ ጉዞው ሊለወጥ የሚችል ነጋዴ ደግሞ ሙሉ ዋጋ ይከፍላል። ስለዚህ የቅናሹን መጠን ከማየት በፊት አጥሩን ማየት ይገባል። ሆቴሉ ዴሉክሱን ለሌላ እንግዳ በተሻለ ዋጋ ሊሸጠው ፈልጎም ሊሆን ይችላል። በዚያን ጊዜ በእርስዎ እጅ ያለው ክፍል ዋጋው ጨምሯል ማለት ነው። "በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል" እንዲሉ፣ ብዙዎች ይህን አያስተውሉም።

የመጨረሻውን ዋጋ ያውጡ

በዱባይ በአልጋ ዋጋ ላይ 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ፣ 7 በመቶ የማዘጋጃ ቤት ክፍያና እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ 5 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ይታሰባል። ከዚህ ሌላ እ.ኤ.አ. በ2014 የተጀመረው "ቱሪዝም ድርሃም" የሚባል ክፍያ አለ። እንደ ሆቴሉ ደረጃ በአንድ ክፍል በሌሊት ከ7 እስከ 20 ድርሃም ነው፤ ለባለ ሦስት ኮከብ 10 ድርሃም ነው። ይህኛው የቁርጥ ክፍያ በመሆኑ ዋጋው ቢቀነስም እሱ አይቀነስም።

ለስሌቱ ቅለት የመቶኛ ክፍያዎቹን በጥቅሉ 22 በመቶ ብንላቸው፣ ዴሉክሱ ከነቱሪዝም ድርሃሙ 376 ድርሃም፣ ስታንዳርዱ 284.50 ድርሃም ይመጣል። ልዩነቱ በሌሊት 91.50፣ በስድስት ሌሊት 549 ድርሃም ነው። ወደ 150 ዶላር መሆኑ ነው። እስከዚህ ድረስ መዛወሩ የሚያስጎመጅ ይመስላል።

ከቁጠባው ላይ የሚነሱት

ሂሳቡ ግን በዚህ አያበቃም። ቁርስ ከሆቴሉ ውጪ በ25 ድርሃም ቢገኝ ለስድስት ቀን 150 ድርሃም ነው። ቀሪው 399።

ቀጥሎ የመውጫው ቀን አለ። ወደ አዲስ አበባ የሚመለሰው በረራ ሌሊት ቢሆን፣ ክፍሉን እኩለ ቀን ላይ ለቆ ከነሻንጣው እስከ ማታ መንገላታት ይመጣል። የመጨረሻውን ቀን ዕቃ በማሰርና በመመዘን የሚያሳልፍ ነጋዴ ይህን አይችለውም፤ የግማሽ ቀን ሂሳብ 140 ድርሃም ይከፍላል። ቀሪው 259።

በሦስተኛ ደረጃ የክፍሉ ስፋት ይታሰባል። ለነጋዴ የዴራ ክፍል መኝታ ብቻ አይደለም። ናሙና የሚዘረጋበት፣ ከናይፍና ከአካባቢው ገበያ የተለቃቀመው ዕቃ የሚከማችበት መጋዘንም ነው። በጠባቡ ክፍል ዕቃው ስለማይበቃ በየመሐሉ ወደ ካርጎ ቢሮ ሁለት ጊዜ በታክሲ መመላለስ ቢያስፈልግና አንዱ 25 ድርሃም ቢፈጅ፣ 50 ድርሃም ወጣ። ቀሪው 209 ድርሃም፣ ማለትም 57 ዶላር ገደማ ሆነ።

ትልቁ ወጪ፦ የመሰረዝ መብት

ከሁሉ የሚበልጠውና በደረሰኝ ላይ የማይታየው ወጪ ይህ ነው። ቪዛ ሊዘገይ ይችላል፤ ባንክ የጠየቁትን የውጭ ምንዛሪ በቀኑ ላይሰጥ ይችላል፤ አቅራቢው "ዕቃው በሚቀጥለው ሳምንት ነው የሚገባው" ሊል ይችላል። የፊተኛው ክፍል ቢያዝ ኖሮ በአንድ መልእክት ይሰረዝ ነበር። የቅናሹ ክፍል ከሆነ ግን ሙሉው 1,707 ድርሃም ይቀራል።

ነጋዴው ያለፉትን ጉዞዎቹን መለስ ብሎ ይቁጠር። ከአሥሩ አንዱ ቀን የተለወጠበት ከሆነ፣ በእያንዳንዱ ጉዞ ላይ ሊታሰብ የሚገባው የሥጋት ዋጋ የ1,707 አንድ አሥረኛ፣ ማለትም 170 ድርሃም ገደማ ነው። ከ209 ላይ ሲቀነስ 39 ድርሃም ይቀራል። በ549 የተጀመረው ቁጠባ ለስድስት ሌሊት በ39 ድርሃም አለቀ፤ 11 ዶላር እንኳ አይሞላም። ከአሥር ጉዞ ሁለቱ የሚለወጡበት ነጋዴ ከሆነማ ቅናሹ ኪሳራ ነው።

በዚህ ላይ የፊተኛውን ክፍል መልቀቅ ራሱ የሚያስከፍል መሆን አለመሆኑን ማረጋገጥ ያሻል። የአንድ ሌሊት ሂሳብ በቅጣት የሚያዝ ቢሆን 376 ድርሃም ገና ከመነሻው ይወሰድና ከ549ኙ የሚተርፈው 173 ብቻ ይሆናል። በአንድ ሆቴል ውስጥ ሲዛወሩ ጉዳዩ "መሰረዝ" ሳይሆን "ማዛወር" ተብሎ በጽሑፍ እንዲረጋገጥልዎ ይጠይቁ። በቃል የተባለ ነገር ሪሴፕሽን ላይ ያለው ሠራተኛ ሲለወጥ አብሮ ይለወጣል።

መቼ ያዋጣል?

ይህ ሁሉ ሲባል መዛወር አያዋጣም ለማለት አይደለም። ቪዛውም ቲኬቱም በእጁ ያለ፣ ሁለት ሌሊት ብቻ የሚያድር፣ ከንጋት እስከ ምሽት ገበያ ውሎ ለእንቅልፍ ብቻ የሚገባ፣ ዕቃውንም አቅራቢው በቀጥታ ለካርጎ የሚያስረክብለት ነጋዴ ከላይ ከተቀነሱት ወጪዎች አብዛኞቹ አይመለከቱትም። ሰፊው ክፍል ለእሱ ያልተጠቀመበት ዕቃ ነው። ያለ ማመንታት ቢዛወር ይጠቀማል።

ለመወሰን የሚረዳ አንድ ጥያቄ አለ። ነገሩን ገልብጠው ይጠይቁ፦ "አሁን በእጄ ያለው ታችኛው ክፍል ቢሆን ኖሮ፣ ወደ ላይኛው ለመውጣት ይህን የተጣራ ልዩነት ከኪሴ እከፍል ነበር?" በምሳሌያችን የሥጋቱ ዋጋ ሳይታሰብ የተጣራው ልዩነት 209 ድርሃም፣ በሌሊት 35 ድርሃም ገደማ ነው። መልሱ "አልከፍልም" ከሆነ ይዛወሩ። "እከፍላለሁ" ከሆነ ባሉበት ይቆዩ።

ሦስተኛም መንገድ አለ፤ ነጋዴ ሊረሳው የማይገባው። ሆቴሉ ቅናሽ ማቅረቡ ራሱ ለመደራደር በሩን መክፈቱ ነው። "ክፍሌን አልለቅም፤ በታችኛው ላይ ያደረጋችሁትን 35 ድርሃም በያዝኩት ላይ አድርጉልኝ" ማለት ነውር የለውም። ዋጋ አንቀንስም ቢሉ ክፍሉን በመጨረሻው ቀን እስከ ምሽት ማቆየት እንዲፈቀድ ይጠይቁ። ለሆቴሉ ብዙ ወጪ የማያስወጣ፣ ለእርስዎ ግን የግማሽ ቀን ሂሳብ የሚያድን ነውና ብዙ ጊዜ ይገኛል።

በአገር ቤትስ?

ለአዲስ አበባ፣ ለአዳማ ወይም ለሐዋሳ መንገደኛም ሒሳቡ ያው ነው። ይበልጥ ጥንቃቄ የሚያሻው ግን "ፕላስ ፕላስ" በሚባለው ላይ ነው። አንዱ ሆቴል "4,000 ብር ፕላስ ፕላስ" ሲል፣ ሌላው "4,600 ብር ሁሉንም ጨምሮ" ቢል ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ርካሽ አድርጎ ይወስዳል። በ4,000 ብር ላይ 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ ሲደመር 4,400፣ በዚያ ላይ በ1995 ዓ.ም. በሥራ ላይ የዋለው 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ሲታሰብ 5,060 ብር ይሆናል። "ርካሹ" በ460 ብር በለጠ ማለት ነው።

ከዚህ ሌላ ርካሹ ክፍል ስለምን ርካሽ እንደሆነ በግልጽ ይጠይቁ። ከጀነሬተሩ በላይ ነው? ከምሽት ክበቡ ጎን ነው? ሊፍቱ የማይደርስበት ፎቅ ነው? ነገ ጠዋት ውል የሚፈራረም ሰው ሌሊቱን ሙዚቃ ሲያዳምጥ ካደረ፣ ያተረፈው 300 ብር በድርድሩ ጠረጴዛ ላይ በሺህ ተባዝቶ ሊወጣበት ይችላል። ወጪውን በድርጅቱ ሂሳብ የሚይዝ ነጋዴም ቅናሹ በሕጋዊ ደረሰኝ፣ በድርጅቱ ስምና በግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩ የሚሰጥ መሆኑን ያረጋግጥ። ያለ ደረሰኝ የተገኘ ቅናሽ ግብር በሚሠራበት ጊዜ ዋጋውን ያስከፍላል።

በጥቅሉ፣ ቅናሽ ሲቀርብልዎ መቶኛውን ትተው አራት ነገሮችን በወረቀት ላይ ያስፍሩ። እነዚህም የታችኛው ክፍል የዘወትር ዋጋ፣ የሁለቱ ክፍሎች ዋጋ ከነታክሱ፣ በመዛወርዎ የሚያጧቸው አገልግሎቶች በገንዘብ ሲተመኑ፣ እንዲሁም ጉዞዎ የመለወጥ ዕድሉ ናቸው። ከአምስት ደቂቃ አይበልጥም። ይህን ሳያደርግ ቅናሹን የሚያሳድድ ሰው "የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች" የተባለላትን ሴት ይመስላል።