የፍጥነት ንጉሥ የሆነው ሊስትሮ

ልጅዎ አዲስ መጫወቻ መኪና ሲገዙለት ገና ሳይነዳት ይፈታታታል? የቴሌቪዥኑ ሪሞት ሆዱ ተዘርግፎ ሶፋ ሥር አግኝተውት ያውቃሉ? እንግዲያው ከመቆጣትዎ በፊት ይህን ታሪክ አብራችሁ አንብቡት።

ባለፈው ዓመት ለሥራ ወደ መተከል ዞን ሄጄ ድባጤ ከተማ ላይ መኪናችን አስቸገረችን። ከአንድ ጋራዥ ደጃፍ ቆመን መካኒኩን ስንጠብቅ ጫማዬን ለሊስትሮ ሰጠሁ። ልጁ አሥራ ሁለት ዓመት ቢሆነው ነው። እጁ ብሩሹን ይዟል፣ ጆሮው ግን መኪናዋ ጋ ነው። «ጋሼ፣ በሦስት እኮ ነው የምትሠራው» አለኝ። ምን ማለቱ እንደሆነ አልገባኝም። መካኒኩ መጥቶ ሲፈትሽ ከአራቱ ካንዴላዎች አንዱ ሞቷል። ልጁን አድንቄ፣ ጉርሻ ጨምሬለት መንገዴን ቀጠልኩ።

የቻርሊ ዊጊንስን ታሪክ ያነበብኩት ከዚያ በኋላ ነው።

ቻርሊ በአሜሪካ ኢንዲያና ግዛት፣ ኢቫንስቪል ከተማ እ.ኤ.አ. በ1897 ተወለደ። ጥቁር አሜሪካዊ ነው፤ በልጅነቱ ከአንድ የመኪና ጥገና ሱቅ ፊት ለፊት ጫማ ይጠርግ ነበር። መኪና ገና ብርቅ በሆነበት በዚያ ዘመን የሱቁ ባለቤት የልጁን ጉጉት አይቶ ለማጅነት አስገባው። በዚያ ጊዜ ጥቁር ልጅን ለእንዲህ ያለ ሙያ መቀበል የተለመደ አልነበረም። ቻርሊ ግን በጥቂት ዓመታት ውስጥ የሞተርን ሕመም በድምፁ የሚለይ፣ ስሙ የተጠራ መካኒክ ወጣው።

በ1922 ከባለቤቱ ከሮበርታ ጋር ወደ ኢንዲያናፖሊስ ተዛወረ። ከተማዋ የታዋቂው የ500 ማይል የመኪና ውድድር መገኛ ናት። ቻርሊ ከወዳደቁ ብረቶችና ከአሮጌ መለዋወጫዎች የራሱን የውድድር መኪና ገጣጥሞ «ዊጊንስ ስፔሻል» አላት። ሆኖም ትልቁ ውድድር ለጥቁር አሽከርካሪዎች ዝግ ነበር።

ታዲያ ጥቁሮቹ እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። በ1924 «ጎልድ ኤንድ ግሎሪ» ወይም «ወርቅና ክብር» የተባለውን የራሳቸውን ውድድር በኢንዲያናፖሊስ ጀመሩ። ርዝመቱ 100 ማይል፣ ማለትም 160 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የሚካሄደው አስፋልት በሌለው የአፈር መም ላይ ስለነበር አሽከርካሪው ከፍጥነቱ ሌላ ከአቧራውም ጋር ይታገል ነበር። ቻርሊ ይህን ውድድር በ1926፣ ከዚያም በ1931፣ በ1932 እና በ1933 አሸነፈ። ጋዜጦች «የጥቁሮች የፍጥነት ንጉሥ» አሉት።

በጣም የገረመኝ ግን ቀጥሎ ያለው ነው። ቢል ከሚንግስ የተባለው ነጭ አሽከርካሪ የቻርሊን እጅ ያውቅ ነበርና ለ1934ቱ የ500 ማይል ውድድር ረዳቱ እንዲሆን ፈለገው። ጥቁር መካኒክ ስለማይፈቀድ ቻርሊ በጽዳት ሠራተኛነት ተመዘገበ። ቀን መጥረጊያ ይዞ ይውላል፣ ማታ ሞተሩን ያስተካክላል። በዚያ ዓመት ከሚንግስ አሸነፈ፤ ዋንጫውም ፎቶግራፉም የእርሱ ሆነ።

በ1936 በ«ወርቅና ክብር» ውድድር ላይ 13 መኪኖች ተላተሙ። ቻርሊ ቀኝ እግሩን አጣ፤ ውድድሩም ከዚያ ዓመት በኋላ አልቀጠለም። እርሱ ግን የእንጨት እግር ለራሱ ሠርቶ ወደ ጋራዡ ተመለሰ። በ1979 እስኪያርፍ ድረስ በነበሩት ዓመታት መኪና ሲጠግን፣ ለወጣት ጥቁር መካኒኮችና አሽከርካሪዎች ሙያውን ሲያስተምር፣ የተዘጋው በር እንዲከፈት ሲሟገት ኖረ። አንድ ጥቁር አሽከርካሪ፣ ዊሊ ቲ. ሪብስ፣ የ500 ማይሉን ውድድር ለመጀመሪያ ጊዜ የተወዳደረው በ1991 ነው። ቻርሊ ይህን ለማየት አልታደለም።

ይህን ሳነብ የድባጤው ልጅ ትዝ አለኝ። እኔ ቢዝነስ የተማርኩ ሰው ነኝ፤ የቀን ሥራዬ የአንድን ዕቃ ዋጋ ለሌላው ማሳየት ነው። ያን ቀን ግን የልጁን ዋጋ በአንድ ጉርሻ ተምኜ ሄድኩ። ለመካኒኩ «ይህን ልጅ ከትምህርት ሰዓት ውጪ ለምን አታስገባውም?» ማለት ምንም አያስወጣኝም ነበር። የኢቫንስቪሉ ባለሱቅ ያደረገው ከዚህ ብዙም አይበልጥም።

እርስዎስ? ቤትዎ የሚፈታታ ልጅ ካለ አሮጌ ሬዲዮና አንድ ካቻቢቴ ይስጡት፤ ከኤሌክትሪክ መነቀሉን ግን ራስዎ ያረጋግጡ። ፈትቶ ሲጨርስ «መልሰህ ግጠመው» ይበሉት፤ ትምህርቱ ያለው እዚያ ላይ ነው። በሚቀጥለው ጊዜ ደግሞ መኪናዎን ጋራዥ ሲያስገቡ ደጃፉ ላይ ብሩሽ ይዞ ሞተር የሚያዳምጥ ልጅ ካዩ፣ ከጉርሻው በተጨማሪ ለባለቤቱ አንድ ቃል ይናገሩለት። እኔ ዳግም በድባጤ ካለፍኩ መጀመሪያ የምቆመው እዚያው ጋራዥ ደጃፍ ነው።