ዶክተር ሙሉጌታ በቀለና የቅንጣቶች ጉዞ

የንድፈ ሐሳብ ፊዚክስ ሊቅ በቤተ ሙከራ መሣሪያ ይዞ የሚደክም ሰው አይደለም፤ ድካሙ በሒሳብ ነው። በሀገራችን ዕድሜያቸውን ለዚህ ሙያ ካዋሉት አንዱ፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩት ዶክተር ሙሉጌታ በቀለ ናቸው።

ሁለተኛ ዲግሪያቸውን ከአሜሪካው ሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ አግኝተው በሀገራቸው ማስተማር እንደ ጀመሩ አብዮቱ ፈነዳ። በደርግ ዘመን ተይዘው፣ ክስ ሳይመሠረትባቸው ከሰባት ዓመት በላይ ታሰሩ፤ ሥቃይም ተፈጸመባቸው። በእስር ቤት ግን ማስተማርን አልተዉም፤ ተማሪዎቻቸው አብረዋቸው የታሰሩት ሆኑ። ከተፈቱ በኋላ ወደ ዩኒቨርሲቲው ተመለሱ። የዶክትሬት ዲግሪያቸውን ያገኙትም ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ ብዙ ሰው ትምህርት በቃኝ በሚልበት ዕድሜ፣ በሕንድ ባንጋሎር ከሚገኘው የሳይንስ ተቋም ነው። በ2012 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የፊዚክስ ማኅበር ስለ ሰብአዊ መብትና ስለ ትምህርት ነጻነት ላደረጉት ተጋድሎ፣ በሶቪየቱ ሊቅ በአንድሬ ሳኻሮቭ ስም የሚጠራውን ሽልማት ለእርሳቸውና ለሪቻርድ ዊልሰን ሰጠ።

የተመራመሩበት ነገር ምን ነበር? በ1827 እ.ኤ.አ. ሮበርት ብራውን ከአበባ ዱቄት የወጡ ደቃቅ ቅንጣቶች በውኃ ውስጥ ያለ ዕረፍት ሲቅበዘበዙ በማይክሮስኮፕ ተመለከተ። ምክንያቱን ለመረዳት በገበያ ቀን የደሴን ፒያሳ እናስብ። በሚተላለፈው ሕዝብ መካከል አንድ ትልቅ ኳስ ቢጣል፣ የሁሉም እግር ከየአቅጣጫው ይገፋዋል። ከጦሳ ተራራ ላይ ሆኖ ለሚመለከት ሰው ሕዝቡ ላይታየው ይችላል፤ ኳሱ ግን ወዲያና ወዲህ ሲል ያየዋል። ሕዝቡ የውኃው ሞለኪዩሎች፣ ኳሱም ቅንጣቱ ነው። አይንስታይን ይህን በ1905 እ.ኤ.አ. በስሌት አስረዳ።

እንዲህ ያለ ቅንጣት ሥራ ሊሠራ ይችላልን? የአካባቢው ሙቀት እኩል ከሆነ አይችልም፤ ወደ ፊት የተገፋውን ያህል ወደ ኋላ ይገፋልና። ነገር ግን መንገዱ እንደ መጋዝ ጥርስ ዳገትና ቁልቁለት ይኑረው እንበል። (የደሴ ተማሪ ዳገት ምን እንደሆነ አይነገረውም።) የየዳገቱ አንዱ ወገን ሞቃት፣ ሌላው ቀዝቃዛ ቢሆን፣ ቅንጣቱ በሞቃቱ ወገን ብርቱ ግፊት አግኝቶ ይወጣል፤ በቀዝቃዛው ከወረደ በኋላ ግን ተመልሶ ለመውጣት አቅም ያንሰዋል። ስለዚህ በአማካይ ወደ አንድ አቅጣጫ ይጓዛል፤ ሸክምም ሊጎትት ይችላል። ይህም የሙቀት ሞተር መሆኑ ነው።

ዶክተር ሙሉጌታ ከመስፍን አስፋው ጋር በ2004 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጽሑፍ የዚህን ሞተር ኃይልና ብቃት አስልተዋል። ሞተሩ እጅግ ሲያዘግም ብቃቱ ከፍ ይላል፤ ሥራው ግን አይገፋም። ሲፈጥን ሥራው ይገፋል፤ ሙቀቱ ግን ይባክናል። ሊቃውንቱ የፈለጉት ሁለቱ የሚታረቁበትን ስፍራ ነበር።