ጉልላት የሌለው መስጊድ፤ የሺያን ሙስሊሞችና ማዕዳቸው

መስጊድ ሲባል ለብዙዎቻችን በዓይነ ሕሊናችን የሚታየን ጉልላትና ረጅም ሚናራ ነው። በሰሜን ምዕራብ ቻይና የምትገኘው የሺያን ከተማ ታላቁ መስጊድ ግን ሁለቱም የሉትም።

ሺያን በጥንት ስሟ ቻንግአን የታንግ ነገሥታት መናገሻ፣ የሐር መንገድም ምሥራቃዊ ጫፍ ነበረች። ከዐረብና ከፋርስ መጥተው እዚያው ትዳር የመሠረቱ ነጋዴዎች፣ ዛሬ ሁዊ ከሚባሉት ሙስሊሞች ቅድመ አያቶች ይቆጠራሉ። መስጊዱ በእ.ኤ.አ. 742 እንደተመሠረተ ይነገራል፤ ዛሬ የሚታየው ሕንፃ ግን በአብዛኛው በ1392 ከተጀመረው የሚንግ ዘመን ግንባታ ወዲህ ያለ ነው።

ጎብኚ ሁሉ የሚሮጠው በ1974 ገበሬዎች ጉድጓድ ሲቆፍሩ ወዳገኟቸው የሸክላ ወታደሮች ነው። እነርሱም መታየት አለባቸው። እኔ ግን መስጊዱን አስቀድማለሁ። አምስት ግቢዎቹ ተከታትለው ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ይዘልቃሉ። የቻይና ቤተ መቅደሶች ባብዛኛው ወደ ደቡብ ሲዞሩ ይህ ወደ ምዕራብ የዞረው ለቂብላ ነው። በሚናራ ፈንታ ባለ ስምንት ማዕዘን ሰገነት ቆሟል፤ በሶላት አዳራሹ ግድግዳ ላይ ደግሞ መላው ቁርኣን በእንጨት ሰሌዳ ተቀርጿል። ጣሪያው ቻይናዊ፣ አቅጣጫው የመካ!

እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር መለየት ይገባል። የሺያን ሙስሊሞች ይህን መልክ ያገኙት በዘመናት ኑሮ ነው። ከ2018 ወዲህ በሌሎች የቻይና ክፍሎች የሚታየው የመንግሥት ትእዛዝ ነው። በ2019 የቤጂንግ ሐላል ምግብ ቤቶች የዐረብኛ ጽሑፋቸውን እንዲያነሱ ታዘዋል፤ በዩናን የሻዲያን ታላቅ መስጊድ ጉልላቱን አጥቶ በምትኩ የፓጎዳ ቅርጽ እንደተሠራበት በ2024 ታውቋል። የሺያንን ውበት ለዚህ ማስረጃ አድርጎ ማቅረብ ፍትሕ አይደለም።

ወደ ማዕዱ እንለፍ። ከመስጊዱ ውጭ ያሉት ጠባብ መንገዶች በምግብ ቤቶች የተሞሉ ናቸው። «ቺንግዠን» የሚለውን ምልክት ይፈልጉ፤ ትርጉሙ ንጹሕና እውነተኛ፣ አገልግሎቱም የእኛው ሐላል ነው። በቂጣ ውስጥ ሥጋ ተደርጎ የሚሸጠው ሮውጂያሞ በሙስሊሞቹ ሰፈር በበሬ ሥጋ ይሠራል፤ ከዚያ ውጭ ግን ባብዛኛው የአሳማ ነውና ሳይጠይቁ አይቅመሱ።

ዝነኛው ምግብ ያንግሮው ፓኦሞ ይባላል፤ የበግ ሥጋ ፍትፍት ብንለው ያስኬዳል። አስተናጋጁ ደረቅ ቂጣና ባዶ ሳሕን ሰጥቶ ይሄዳል። ተመጋቢው ራሱ ቂጣውን የባቄላ ፍሬ እስኪያክል ይቆራርሳል፤ ልጆች ይዞ ለሄደ ቤተሰብ ከዚህ የተሻለ ጨዋታ የለም። ከዚያ ሳሕኑ ወደ ማድቤት ተመልሶ በሥጋ መረቅ ይበስላል። በችኮላ ትልልቅ አድርጎ የቆረሰ ሰው መረቁ ወደ መሐል ያልገባ ቂጣ ያኝካል። አጠገቡ በኮምጣጤና በስኳር የተዘፈዘፈ ነጭ ሽንኩርት ይቀርባል፤ የሥጋውን ስብ ያቀለዋል።