240 መስመሮች በ4ኬ ቴሌቪዥን ላይ

“ድሮም እንዲህ ነበር እንዴ?” የቆየ ጌም ማጫወቻ ከአዲስ ፍላት ስክሪን ጋር ያገናኘ ሰው መጀመሪያ አፉ ላይ የሚመጣለት ጥያቄ ይህ ነው። ማሪዮ ወደ ጎን ተለጥጦ ወፍሯል፤ ጽሑፉ ጭጋግ ለብሷል፤ የመዝለያው ቁልፍ ተጭኖ ዝላዩ ትንሽ ቆይቶ ይመጣል። ብዙ ሰው መልሱን ለራሱ ይሰጥና ያልፋል፦ ልጅ ስለነበርን አልታየንም እንጂ ምስሉ ድሮም ደካማ ነበር ይላል። ልክ አይደለም። ድሮ እንዲህ አልነበረም። ምስሉን ያበላሸው የማጫወቻው እርጅና ሳይሆን አዲሱ ቴሌቪዥን በገመዱ የሚመጣለትን ምልክት አሳስቶ ማንበቡ ነው።

ፋሚኮም የተባለው የኒንቴንዶ ማጫወቻ እ.ኤ.አ. በ1983 ጃፓን ውስጥ ገበያ ላይ ሲውል የሚያወጣው ምስል ወደ ጎን 256፣ ወደ ታች 240 ነጥቦች ነበሩት፤ በድምሩ 61,440። ዛሬ 4ኬ የምንለው ቴሌቪዥን ወደ ጎን 3,840፣ ወደ ታች 2,160 ነጥቦች አሉት፤ ሲባዛ ከ8.2 ሚሊዮን በላይ ይሆናል። ያ ትንሽ ምስል ስክሪኑን ዳር እስከ ዳር ይሙላ ከተባለ ለእያንዳንዷ የፋሚኮም ነጥብ 135 የ4ኬ ነጥቦች ይደርሷታል። እነዚያ 135 ነጥቦች ምን ቀለም እንደሚይዙ የሚወስነው ደግሞ ማጫወቻው አይደለም፤ ቴሌቪዥኑ በራሱ ግምት ይሞላቸዋል። ጣጣው የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ከኋላው የተነፋው የድሮ ቴሌቪዥን፣ በተለምዶ ሲአርቲ የሚባለው፣ እንዲህ ያለ ግምት ውስጥ አይገባም፤ የሚቆጥራቸው ነጥቦች የሉትምና። ጀርመናዊው ፊዚሲስት ፈርዲናንድ ብራውን እ.ኤ.አ. በ1897 የሠራው ቱቦ የልጅ ልጅ ነው። አየሩ ተመጥጦ የወጣ ትልቅ የመስታወት ቱቦ አለው፤ ከጀርባ የኤሌክትሮን ጨረር ይተኮሳል፤ በቱቦው አንገት ላይ የተጠመጠሙት ጥቅሎች በማግኔት ኃይል ጨረሩን ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከላይ ወደ ታች ይነዱታል፤ ጨረሩ የነካው የፎስፈር ልባስ ለቅጽበት ያበራል። በገመዱ የመጣው ምልክት ከፍ ሲል ጨረሩ ይበረታል፣ ዝቅ ሲል ይዳከማል። የሚከማችም የሚሰላም ነገር የለም። ምልክቱ ሲደርስ መስመሩ ይሳላል፣ በቃ።

በአሜሪካና በጃፓን ሥርዓት አንድ ሙሉ የቴሌቪዥን ምስል 525 መስመሮች ነበሩት፤ ሁሉም ግን በአንድ ዙር አይሳሉም። ጨረሩ በሰከንድ 60 ጊዜ ያህል ከላይ እስከ ታች ሲወርድ በእያንዳንዱ ዙር የሚስለው ግማሹን፣ 262 ተኩል መስመር ነው። ቁም ነገሩ ያለው ተኩሏ ላይ ነው። ዙሩ በግማሽ መስመር ስለሚያልቅ ቀጣዩ ዙር ትንሽ ዝቅ ብሎ ይጀምርና መስመሮቹን በቀደሙት መካከል ያሰልፋል። የጌም ማጫወቻ መሐንዲሶች ይህችን ተኩል ቆረጧት። ማጫወቻው ድፍን 262 መስመር ሲልክ ጨረሩ ወደ ነበረበት ይመለስና በዚያው መስመር ላይ ደግሞ ይስላል። በዚህ መንገድ ለዓይን የሚታዩት 240 ያህል መስመሮች ብቻ ይሆናሉ፤ በምትኩ በየሰከንዱ 60 ሙሉ ምስል ይገኛል። በመስመሮቹ መካከል ጨረሩ የማይነካው ጥቁር ክፍተት ይቀራል። ብሩህ መስመር ወፈር፣ ደብዛዛው ቀጠን ስለሚል የነጥቦቹ ጥግ ይለዝባል፤ ካሬ የነበረው ዓይን ክብ ይመስላል። በዚያ ዘመን ጌም የሚስሉ ሠዓሊዎች ሥራቸውን በዚሁ ስክሪን እያዩ ነበር የሚያስተካክሉት።

አዲሱ ቴሌቪዥን ይህን ብልሃት አያውቅም። ብዙዎቹ ሞዴሎች በቢጫው የኤቪ ገመድ የሚመጣ ምስል ሁሉ በሁለት ዙር የሚሳለው የድሮው የቴሌቪዥን ሥርጭት ይመስላቸዋል። ስለዚህ አንዱን ምስል ይዘው ሁለተኛውን ይጠብቃሉ፤ ከዚያ እንደ ጎዶሎና ሙሉ መስመር አጋምደው አንድ ለማድረግ ይሞክራሉ። ሁለቱ ግን የአንድ ምስል ግማሾች አይደሉም፤ በአንድ ስልሳኛ ሰከንድ ልዩነት የተሳሉ ሁለት የተለያዩ ምስሎች ናቸው። የሚሮጥ ገጸ ባሕርይ ጠርዙ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ የሚሸራረፈው ለዚህ ነው።

ከዚህም የባሰው ብልጭ ድርግም በሚሉ ነገሮች ላይ ይታያል። ጠላት የነካው ማሪዮ ለጥቂት ጊዜ ብልጭ ድርግም ይላል። ፋሚኮም በአንድ መስመር ላይ ከስምንት በላይ ተንቀሳቃሽ ቁራጭ ምስሎችን ማሳየት ስለማይችልም ፕሮግራመሮቹ በየተራ እያፈራረቁ ያሳዩዋቸው ነበር። በየሁለት ምስሉ አንዴ ብቻ የሚሳል ጥላ ደግሞ በሲአርቲ ላይ ሲታይ ለዓይን ግማሽ ግልጽ ሆኖ፣ ከበስተጀርባው ያለውን እያሳየ ነበር የሚታየው። ሁለቱን ምስሎች አጋምዶ የሚያዋህድ ቴሌቪዥን ያንን ጥላ ወይ የተሸነተረ ያደርገዋል፣ ወይ ጨርሶ ያጠፋዋል። ጥላውን የሠራው ፕሮግራመር የተማመነው በተመልካቹ ዓይን ነበር፤ አሁን በመካከል ሌላ አስተርጓሚ ገብቷል።

ቀጥሎ ያለው ችግር ተራ ሒሳብ ነው። 240ን 1,080 መስመር ወዳለው ስክሪን ለማስፋት በ4.5 ማባዛት ያስፈልጋል። ዘጠኝ እንጀራ ሳይቆርሱ ለሁለት ሰው እንደማካፈል ነው፤ አንዱ አራት ሲደርሰው ሌላው አምስት ይወስዳል። ቴሌቪዥኑ ይህን አድልዎ ለመሸፈን ጠርዙን በመካከለኛ ቀለም ይቀባዋል፤ ጭጋግ የሚመስለው እሱ ነው። 4ኬ ላይ ሒሳቡ ያምራል፤ 240 ጊዜ 9 ልክ 2,160 ይመጣል። ቴሌቪዥኑ ግን ለፊልም ተብሎ በተሠራለት ዘዴ ስለሚያሰፋ ዕድሉን አይጠቀምበትም። የማሪዮ ውፍረት ደግሞ ከሁሉም ቀላሉ ነው። የድሮው ስክሪን ስፋትና ቁመት 4 ለ3 ነበር፣ የአሁኑ 16 ለ9 ነው፤ ሳይስተካከል ከተለጠጠ ሁሉም ነገር በሲሶ ይሰፋል። ሪሞቱ ላይ የምስል መጠኑን ወደ 4:3 መመለስ ነው፤ ግራና ቀኝ የሚቀረው ጥቁር ቦታ ማንንም አይጎዳም።

ቢጫው ገመድ ራሱ የቆየ ታሪክ አለው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1953 የቀለም ቴሌቪዥን ሥርዓቷን ስታጸድቅ በየቤቱ ያለው ጥቁርና ነጭ ቲቪ እንዳይጣል ቀለሙ ከብርሃኑ ጋር ተደርቦ በዚያው ምልክት ውስጥ እንዲጓዝ ተደረገ። የተደረበው ሲለያይ ፍጹም አይለያይም፤ ቀለም ወደ ጎን ይፈስሳል፣ ተቀራራቢ ነጥቦች ይቀላቀላሉ። ጉድለት ነው። ግን ሴጋ እ.ኤ.አ. በ1991 ያወጣውን ሶኒክ እንመልከት። የመጀመሪያው ደረጃ ላይ ፏፏቴ አለ፤ ሶኒክ ከኋላው ሲያልፍ በውኃው ውስጥ ይታያል። ሜጋ ድራይቭ የሚባለው የሴጋ ማጫወቻ እንዲህ ግማሽ ግልጽ የሆነ ቀለም መሥራት አይችልም ነበር። ሠዓሊዎቹ ታዲያ ፏፏቴውን በቋሚ ሸንትረው ሣሉት፦ አንድ ዓምድ ውኃ፣ አንድ ዓምድ ባዶ። ቢጫው ገመድ እነዚያን ቀጫጭን ዓምዶች ለይቶ ማለፍ ስለሚያቅተው ይቀላቅላቸውና በስክሪኑ ላይ ብርሃን የሚያሳልፍ ውኃ ይሆናሉ። ያንኑ ጌም ዛሬ እጅግ ጥርት ባለ ገመድ በ4ኬ ስክሪን ላይ ቢያዩት ፏፏቴው የብረት አጥር ይመስላል። ጥራት በጨመረ ቁጥር ምስሉ ሠሪው ወዳሰበው ይቀርባል የሚለው እምነት እዚህ ላይ አይሠራም። እኔ በበኩሌ ሶኒክን በመጥፎ ገመድ እመርጣለሁ።

ለተጫዋች ግን ከምስሉ ይልቅ መዘግየቱ ይከፋል። ሲአርቲ ምልክቱ እንደደረሰው ስለሚስል የራሱ የሆነ መዘግየት የለውም ማለት ይቻላል። አዲስ ቴሌቪዥን ምስሉን ተቀብሎ ያስቀምጣል፣ ያጋምዳል፣ ያሰፋል፣ ያሳምራል፤ ከዚያ በኋላ ያሳያል። አንድ ምስል የሚቆየው ከ17 ሚሊ ሰከንድ ትንሽ ለሚያንስ ጊዜ ነው፤ ማሳመሪያው ሁሉ በርቶ ከሆነ ብዙ ቴሌቪዥኖች ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሰከንድ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይዘገያሉ። ስለዚህ ተጫዋቹ የሚያየው ከሦስት እስከ ስድስት ምስል በፊት የሆነውን ነው። ኒንቴንዶ እ.ኤ.አ. በ2001 ያወጣው ሱፐር ስማሽ ብራዘርስ ሜሌ የተሰኘው ጌም ውድድሮች ዛሬም ድረስ በከባዱ ሲአርቲ መካሄዳቸው ለትዝታ ተብሎ አይደለም፤ አንዲት ምስል አሸናፊውን የምትለውጥበት ጨዋታ ስለሆነ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በየሰፈሩ ፕሌይስቴሽን ቤት በነበረበት ዘመን የተሸነፈ ሁሉ የሚከሰው ጆይስቲኩን ነበር። ዛሬ ፕሌይስቴሽን 2ን በፍላት ስክሪን የሚጫወት ሰው ከዚያ የተሻለ ማመካኛ አለው።

መዘግየት ጨዋታን ከማበላሸት አልፎ ጨርሶ ሲገድል ለማየት ግን ዳክ ሀንት የሚባለው የዳክዬ አደን ነው የሚበጀው። የሚጫወቱበት ሽጉጥ ምንም አይተኩስም፤ አፈሙዙ ውስጥ ያለው ብርሃን የሚያይ ትንሽ ዳሳሽ ነው። ቃታው ሲሳብ ማጫወቻው ስክሪኑን ለአንዲት ምስል ጥቁር ያደርገዋል፤ በቀጣዩ ምስል ዳክዬዋ ባለችበት ቦታ ብቻ ነጭ ካሬ ይስላል። ዳሳሹ መጀመሪያ ጨለማ፣ ወዲያው ብርሃን ካየ ተመታች ይባላል። ጨለማው ለማጭበርበር የሚመች ቀዳዳ ይደፍናል፤ ሽጉጡን አምፖል ላይ ደግኖ ማሸነፍ አይቻልም። በአዲስ ቴሌቪዥን ላይ ማጫወቻው ነጩን ካሬ ልኮ ሽጉጡን ሲጠይቅ ካሬው ገና ስክሪኑ ላይ አልወጣም። መልሱ “አላየሁም” ነው። በዚያ ላይ የሽጉጡ የኤሌክትሪክ ዑደት የሲአርቲ ጨረር በሰከንድ ከ15,000 ጊዜ በላይ መስመር ሲስል ለሚፈጥረው መርገብገብ የተቃኘ ነው፤ አዲሱ የኤልሲዲ ስክሪን ያ መርገብገብ የለውም። ዳክዬዋ ትበራለች፣ ውሻው ይስቃል።

ታዲያ ምን ይደረግ? በመጀመሪያ የቴሌቪዥኑን ሴቲንግ ከፍቶ ጌም ሞድ የሚለውን ማብራት፤ ማሳመሪያዎቹን ስለሚያጠፋ ብዙ መዘግየት በነፃ ይቀንሳል። ሁለተኛው ገመድ ነው። ለፕሌይስቴሽን 2 አረንጓዴ፣ ሰማያዊና ቀይ መሰኪያ ያለው ኮምፖነንት ገመድ ከቢጫው እጅግ ይሻላል፤ በማጫወቻው ሴቲንግ ውስጥ ምርጫው አርጂቢ ላይ ከተተወ ግን ቀለሙ ይዛባል። ችግሩ አዳዲስ ቴሌቪዥኖች እነዚህን መሰኪያዎች እየተዉ መምጣታቸው ነው። በየኤሌክትሮኒክስ ሱቁ የሚሸጡት ርካሽ ከኤቪ ወደ ኤችዲኤምአይ የሚቀይሩ ትናንሽ ሳጥኖች ምስል ያመጣሉ፤ አብዛኞቹ ግን ከላይ ያየነውን ስህተት ቴሌቪዥኑ ከመሥራቱ በፊት ራሳቸው ይሠሩታል።

ለዚሁ ሥራ ታስበው የተሠሩ መሣሪያዎች አሉ። ፊንላንዳዊው ማርኩስ ሂዬንኮስኪ የነደፈው ኦኤስኤስሲ ሙሉ ምስል ሳያስቀምጥ እያንዳንዱን መስመር ተቀብሎ ወዲያው ሁለት፣ ሦስት፣ እስከ አምስት ጊዜ ይደግመዋል፤ ስለዚህ የሚጨምረው መዘግየት የሚሰማ አይደለም። የአሜሪካዊው ማይክ ቺ ሬትሮቲንክ 4ኬ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2023 በ750 ዶላር ቀርቦ ሒሳቡን እስከ 2,160 በንጽሕና ያደርሳል፤ ከዚያም በመስመሮቹ መካከል ጥቁሩን ክፍተት መልሶ ይስላል። የ4ኬ ነጥቦች ብዛት ለድሮ ጌም ያመጣው ትልቁ ጥቅም ይኸው ነው፤ የሲአርቲን ጉድለት በዝርዝር ለመቅዳት በቂ ነጥብ ተገኘ። ሳጥኑ ከማጫወቻው ዋጋ ብዙ እጥፍ መሆኑ የሚያስቅ ነው፤ ገዢ ግን አላጣም።

ከቴሌቪዥኑ ያልመጣ ጉድለትም አለ። ኢትዮጵያ እንደ ብዙ የአውሮፓ አገሮች የተከተለችው የፓል ሥርዓት 625 መስመር በሰከንድ 50 ዙር ነው። ለአውሮፓ የተሠራ ማጫወቻ ያለው ሰው አንዳንድ የድሮ ጌም ከጃፓኑ በአንድ ስድስተኛ ያህል ቀርፋፋ ሆኖ፣ ከላይና ከታች ጥቁር ሰቅ ይዞ ቢያገኘው ቴሌቪዥኑን አይውቀስ። ሶኒክ በአውሮፓ ሜጋ ድራይቭ ሲሮጥ ከመጀመሪያውም ቀርፋፋ ነበር።

ለዳክዬው ሽጉጥ ግን ጌሙንም ሽጉጡንም ሳይነካኩ ከላይ ካየናቸው ሳጥኖች አንዱም አይበጅም። በቅርብ ዓመታት በካሜራ የስክሪኑን ነጭ ጠርዝ እያዩ የሚያነጣጥሩ አዳዲስ ሽጉጦች ተሠርተዋል፤ በዋናነት የሚሠሩት ከኮምፒውተር ጋር ነው። ዋናውን ሽጉጥ በዋናው ማጫወቻ መተኮስ የሚፈልግ ሰው የሚሠራ ሲአርቲ ፈልጎ፣ ጎረቤት አስተባብሮ ተሸክሞ ማምጣት አለበት። ከተበላሸም ጀርባውን ራሱ አይክፈተው፤ ቱቦው ውስጥ ከ20,000 ቮልት በላይ ይሠራል፣ ሶኬቱ ከተነቀለ በኋላም ቻርጁ ይቆያል።